በመርከብ ላይ የተገዛ መጠጥ ግብሩ ለማን ነው?

ሂውስተን የምትኖር የአክስቴ ልጅ በቅርቡ ከባለቤቷ ጋር በክሩዝ መርከብ ለሽርሽር ወጥታ ነበር። የተነሱት ከጋልቬስተን ነው፤ ከሂውስተን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ የቴክሳስ ወደብ ናት። ከመርከቡ ሆና ሁለት ደረሰኝ ፎቶ አንስታ በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። መጠጡ ያው ነው፤ ኮክቴል። የተጻፈው ዋጋም ያው ነው፤ 14 ዶላር። የመጀመሪያው ቀን ደረሰኝ ግን ድምሩ 17 ዶላር ከ68 ሳንቲም ይላል። የማግስቱ 16 ዶላር ከ52 ሳንቲም። «ባሕር ላይ ቀረጥ የለም አላላችሁም ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ጅማ ያለነው ዘመዶቿ ለሁለት ተከፈልን። ግማሹ «በልተዋታል» አለ። ግማሹ «መርከብ ላይማ ሁሉም ነገር ዲዩቲ ፍሪ ነው፤ ደረሰኙ ተሳስቶ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። እኔ የነጋዴ ሒሳብ እየሠራሁ ነው የምኖረው። ደረሰኝ አይቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ነገሩን ስከታተለው ከአንድ ብርጭቆ ኮክቴል አልፎ እኛም ከተማ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለውን ጠርሙስ የሚነካ ሆኖ አገኘሁት።

በመጀመሪያ ደረሰኞቹን እንይ። ሁለቱም ላይ 2 ዶላር ከ52 ሳንቲም አለ። ይህ ግብር አይደለም። መርከቡ ራሱ በመጠጥ ላይ የሚጨምረው የአስተናጋጅ ጉርሻ ነው፤ 18 በመቶ። ብዙ የክሩዝ ኩባንያዎች ከ18 እስከ 20 በመቶ ይጨምራሉ። እንግዳው መጠጥ ሲያዝ አብሮ ይቆረጣል፤ መንግሥት ጋ አይደርስም። ግብሯ የመጀመሪያው ደረሰኝ ላይ ብቻ ያለችው 1 ዶላር ከ16 ሳንቲም ናት። የ14 ዶላር 8.25 በመቶ መሆኑ ነው። ቴክሳስ በባር በሚሸጥ መጠጥ ላይ የጣለችው የሽያጭ ግብር ልኩ ይኸው ነው።

ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ጅማ ደህና ሆቴል ገብቶ ሜኑ የገለጠ ሰው ከሥር በትንንሽ ፊደል «ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ አልተካተተም» የሚለውን ያውቀዋል። አንድ ሲንግል ውስኪ 300 ብር ተብሎ ቢጻፍ፣ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ 30 ብር ይጨመርበታል። 15 በመቶው ቫት የሚሰላው በ330 ብር ላይ ነው፤ 49 ብር ከ50። ከኪስ የሚወጣው 379 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። 30 ብሩ ሆቴሉ ቤት ይቀራል፣ 49 ብር ከ50ው የመንግሥት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ደባልቆ «ታክሱ በዛ» ይላል። መርከቡም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው።

የጅማው ሆቴል ግን ከቦታው አይነቃነቅም። መርከቡ ይነቃነቃል። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያውን ኮክቴል ያዘዘችው መርከቡ ገና ወደቡ ላይ ታስሮ ሳለ ነው። ወደብ የአገር መሬት እንደማለት ነው። መርከቡ የባሃማስ ባንዲራ ያውለብልብ የፓናማ፣ ወደብ ውስጥ እስካለ ድረስ የወደቡ ባለቤት ሕግ ይገዛዋል። ሁለተኛውን ያዘዘችው በማግስቱ ነው። ያን ጊዜ መርከቡ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ መሐል ገብቶ ከቴክሳስ ውኃ ርቋል። ስለዚህ የቴክሳስ ግብር ወደቀ፤ ጉርሻው ግን እንዳለ ነው።

የቴክሳስ ውኃ እስከ ምን ድረስ ነው? እዚህ ላይ ደስ የሚል ታሪክ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1982 ሲፈረም አንድ አገር ከጠረፉ እስከ 12 የባሕር ማይል፣ ማለትም እስከ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን ውኃ ግዛቴ ማለት እንደሚችል ተደንግጓል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከዚህ ላይ ለየግዛቶቹ የሚደርሳቸው አብዛኛውን ጊዜ 3 የባሕር ማይል ብቻ ነው። ቴክሳስ ግን 9 አላት፤ ወደ 17 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ምክንያቱ ከ1836 እስከ 1845 ራሷን የቻለች ሪፐብሊክ ስለነበረች ነው። ወደ አሜሪካ ስትገባ ያን ጊዜ ይዛው የነበረውን ወሰን ይዛ ገባች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1960 አጸናላት። ከ100 ዓመት በላይ የቆየ የወሰን ጉዳይ ዛሬ በኮክቴል ደረሰኝ ላይ ይታያል።

የጅማ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በአባ ጅፋር ዘመን የጅማ መንግሥት መግቢያዎቹን በኬላ ያስጠብቅ ነበር። ወደ ሂርማታ ገበያ የሚመጣ ነጋዴ ኬላው ላይ ይቀረጣል። ከኬላው ማዶ ያለ ዕቃ የሌላ ባላባት ጉዳይ ነው። ባሕር ላይም ኬላው አለ፤ በዓይን አይታይም እንጂ።

አንድ ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። መርከቡ በጉዞው ላይ የብዙ አገሮችን ውኃ ሰንጥቆ ያልፋል። ታዲያ እያንዳንዱ አገር ለምን ግብር አይጠይቀውም? የባሕር ሕጉ 26ኛ አንቀጽ ይህን ዘግቶታል። የውጭ መርከብ በአንድ አገር ውኃ ላይ ስላለፈ ብቻ ክፍያ አይጠየቅም ይላል። መጠየቅ የሚቻለው ለተሰጠው አገልግሎት ነው። ወደብ ከገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ለዚህም ነው ብዙ የክሩዝ መርከቦች ወደብ ላይ እያሉ ሱቃቸውንና ቁማር ቤታቸውን የሚዘጉት። መርከቡ ተንቀሳቅሶ ውኃውን ሲለቅ በሩ ይከፈታል። ቴክሳስ ላይ ሌላም ነገር አለ። በአንድ ቁርጥ ዋጋ እስኪበቃህ ጠጣ የሚለውን ሽያጭ የግዛቱ ሕግ አይፈቅድም። ስለዚህ አንዳንድ መርከቦች ከጋልቬስተን ሲነሱ ቀድሞ የተከፈለበት የመጠጥ ፓኬጅ ሥራ የሚጀምረው በማግስቱ ነው። የመጀመሪያው ቀን መጠጥ በየብርጭቆው ይከፈልበታል፣ ከነግብሩ። ሰው «የከፈልኩበትን ከለከሉኝ» ብሎ የሚቆጣውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ደረሰኝ እንምጣ፤ ግብር የሌለበት። ባሕር ላይ ግብር የማይኖረው ዝም ብሎ ነው? አይደለም። በጉምሩክ ሕግ የመርከብ ስንቅ የሚባል ነገር አለ። መርከብ ለመንገዱ የሚጭነው ምግብ፣ መጠጥና ነዳጅ ወደ የትኛውም አገር እንደገባ አይቆጠርም። የሚያልቀው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ቀረጥና ኤክሳይዝ (እንደ መጠጥ ባሉ ዕቃዎች ላይ የሚጣል ልዩ ግብር) ሳይከፈልበት ይጫናል። በብዙ ወደቦች መርከቡ ቆሞ እያለ የመጠጡ መጋዘን በጉምሩክ ይታሸጋል፤ ሲነሳ ይከፈታል። አውሮፕላንም ተመሳሳይ ነው። በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የአቪየሽን ስምምነት በአውሮፕላን ላይ ያለን ስንቅ ከቀረጥ ነፃ አድርጎታል። ከቦሌ ተነስቶ አትላንቲክ ላይ ወይን የሚቀርብለት መንገደኛ የሚጠጣው በዚሁ ሕግ ነው።

በዚህ ድንበር ላይ የተደረገው ትልቁ ክርክር ግን ስለ ግብር አልነበረም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 መጠጥን ጨርሳ ከልክላ ነበር። የአሜሪካ ባንዲራ ያለው መርከብ ባሕር መሐል ላይ መሸጥ ይችላል? የእንግሊዝ መርከብስ መጠጡን ቆልፎ ኒው ዮርክ መግባት ይችላል? በ1923 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኩናርድ የተባለው የመርከብ ኩባንያ ከገንዘብ ሚኒስትሩ ሜለን ጋር በተሟገተበት መዝገብ ላይ መልስ ሰጠ። የአሜሪካ መርከብም ቢሆን ከአገሪቱ ውኃ ውጭ ክልከላው አይነካውም አለ። የውጭ መርከብ ግን የአሜሪካ ውኃ ውስጥ መጠጥ፣ የታሸገም ቢሆን፣ ይዞ መግባት አይችልም። ወዲያው መድረሻ የሌላቸው ጉዞዎች ተጀመሩ። መርከቡ ከወደብ ይወጣል፣ ወሰኑን ያልፋል፣ ይጠጣል፣ ይመለሳል። ሰው የሚከፍለው አገር ለማየት አልነበረም። የዛሬው የክሩዝ መዝናኛ አንዱ ሥሩ እዚያ ውስጥ አለ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ፤ ብዙ ሰው ሲሳሳተው ሰምቻለሁ። ግብር ስለሌለበት መርከብ ላይ መጠጥ ርካሽ ነው ይባላል። ሒሳቡን እንሥራው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት 750 ሚሊ ሊትር በምትይዝ፣ 40 በመቶ አልኮል ባላት አንድ ጠርሙስ ውስኪ ላይ የሚጥለው ኤክሳይዝ 2 ዶላር ከ14 ሳንቲም ገደማ ነው። ከአንድ ጠርሙስ 17 ያህል ሲንግል ይወጣል። በአንድ ብርጭቆ ሲካፈል 13 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ኮክቴሉ ደግሞ 14 ዶላር ነው የሚሸጠው! ወደብ ላይም 14፣ ባሕር መሐልም 14። ከቀረጡ የተረፈው ሳንቲም እንግዳው ጋ አልደረሰም፤ ባሩ ውስጥ ቀርቷል። ዲዩቲ ፍሪ የሚለው ጽሑፍ ግብሩ አለመከፈሉን እንጂ ዋጋው መቀነሱን አይናገርም።

ባሩ ያተረፈውስ ግብር ይከፍላል? ትልልቆቹ የክሩዝ ኩባንያዎች ዋና ቢሮአቸው ማያሚ አካባቢ ቢሆንም የተመዘገቡት ሌላ አገር ነው። አንዱ ላይቤሪያ፣ አንዱ ቤርሙዳ። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ የውጭ ኩባንያ ከዓለም አቀፍ የመርከብ ሥራ የሚያገኘውን ገቢ፣ የተመዘገበበት አገር ለአሜሪካኖች ተመሳሳይ ዕድል ከሰጠ፣ ከገቢ ግብር ነፃ ያደርገዋል። ይህ ራሱን የቻለ ሰፊ ጉዳይ ነው። ግን የአንድ ብርጭቆ ግብር ላይ ስንጨቃጨቅ ትልቁ ገንዘብ ያለው ወዴት እንደሆነ ማወቅ ደግ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ብርጭቆ ነው። ጠርሙስ ሌላ ታሪክ ነው። እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

ብርጭቆ ባሕር ላይ ይጠጣል፣ እዚያው ያልቃል። ከየብስ ማንም የተነጠቀ የለም። ጠጥቶ የሚታመምም ቢሆን የመርከቡ ክሊኒክ ነው የሚያየው። ጠርሙስ ግን ወደ አገር ይገባል። በአገር ይጠጣል። ጠጥቶ የሚነዳው የአገሩን መንገድ ነው፣ የሚተኛው በአገሩ ሆስፒታል ነው። ስለዚህ ግብሩ የሚገባው ጠርሙሱ ለሚከፈትበት አገር ነው ብዬ አምናለሁ። የመርከቡ ሱቅም ይህን ስለሚያውቅ የተሸጠውን ጠርሙስ ወዲያው አይሰጥም። ያስቀምጥና በጉዞው መጨረሻ ላይ ካቢን ድረስ ያመጣል።

ቴክሳስ ይህን እንዴት እንደምትይዘው በቅርብ ማየት ጠቃሚ ነው። መርከቡ ጋልቬስተን ሲመለስ መንገደኛው መጀመሪያ የፌዴራሉን ጉምሩክ ያልፋል። ዕድሜው 21 የሞላ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ሊትር ያለ ቀረጥ ይገባለታል። ሰው እዚህ ላይ «ጨረስኩ» ይላል። ከዚያ ቀጥሎ ግን የቴክሳስ የአልኮል መጠጦች ኮሚሽን ሠራተኞች ጠረጴዛ አለ። ፌዴራሉ የማረውን እነሱ አይምሩም። በየጠርሙሱ የግዛቱን ግብርና 3 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ ይቀበላሉ። ግብሩ ራሱ ትንሽ ነው፤ ቴክሳስ በጠንካራ መጠጥ ላይ የጣለችው በጋሎን 2 ዶላር ከ40 ስለሆነ ለአንድ ሊትር ከዶላር በታች ነው የሚመጣው። የከፈለ ሰው ጠርሙሱ ላይ ምልክት ይለጠፍለታል። አልከፍልም ያለ ጠርሙሱን ትቶ ይሄዳል፤ ይወገዳል። የአክስቴ ልጅም አንድ ጠርሙስ ሮም ይዛ ነበር። ከፍላ ወጣች። ተናዳለች። «ለምን አልነገሩኝም?» ትላለች። ቅሬታዋ ልክ ነው፤ ሻጩ ሲሸጥ መንገር ነበረበት። ግብሩ ግን ልክ ነው።

አውሮፓ ውስጥ ሌላ መልክ አለው። የአውሮፓ ኅብረት በአባሎቹ መካከል የሚደረግን የዲዩቲ ፍሪ ሽያጭ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1999 አቆመ። አንድ ገበያ ሆነናል፣ ውስጥ ለውስጥ ድንበር የለም፣ ታዲያ ከምን ነፃ ነው የሚባለው የሚል ነው ነገሩ። ትክክለኛ ክርክር ነው። በስቶክሆልምና በሄልሲንኪ መካከል የሚመላለሱት ትልልቅ መርከቦች ግን ዛሬም ያለ ቀረጥ ይሸጣሉ። ምሥጢሩ ኦላንድ የምትባል የፊንላንድ ደሴት ናት። ፊንላንድ በ1995 ኅብረቱን ስትቀላቀል ኦላንድ ከጋራው የቫትና የኤክሳይዝ ክልል ውጭ እንድትሆን ተስማሙ። መርከቦቹ በሌሊት፣ አብዛኛው መንገደኛ ተኝቶ ሳለ፣ እዚያች ደሴት ወደብ ላይ ይቆማሉ። ብዙም ሳይቆዩ ይነሳሉ። ደሴቷን ስለነኩ ብቻ ጉዞው ከግብር ክልሉ እንደወጣ ይቆጠራል፤ ሱቁ ውስጥ ያለው መጠጥ ሁሉ በቅናሽ ይሸጣል። ስዊድንና ፊንላንድ በመጠጥ ላይ ከፍተኛ ግብር ከሚጥሉት አገሮች ናቸው። ከጤና አንፃር አስበውበት ያደረጉት ነው። በየሌሊቱ የሚደረገው የአጭር ጊዜ ፌርማታ ግን ያን ሁሉ ይሸረሽረዋል።

በዚያው ሰፈር ኢስቶኒያ ያየችውም ትምህርት አለው። ፊንላንዳውያን በመርከብ ወደ ታሊን እየተሻገሩ በካርቶን መጠጥ ይጭናሉ። ኢስቶኒያ በ2017 ኤክሳይዙን ክፉኛ ጨመረች። ምን ሆነ? ፊንላንዳውያን ቀነሱ፤ የራሷ ዜጎች ደግሞ መኪናቸውን አስነስተው ወደ ላትቪያ ድንበር ሄደው መግዛት ጀመሩ። በ2019 ሐምሌ ላይ በቢራና በጠንካራ መጠጥ ላይ ያለውን ኤክሳይዝ በ25 በመቶ ቀነሰችው። ላትቪያም ገበያው እንዳይሸሻት ተከትላ የጠንካራ መጠጡን ቀነሰች። ግብር ብቻውን አይቆምም። ጎረቤት ምን እንደሚያስከፍል፣ ድንበሩ ላይ ማን እንደቆመ፣ ዕቃው በየት በኩል እንደሚገባ አብሮ መታየት አለበት።

ይህ ሁሉ ጅማን ምን አገባው የሚል አይጠፋም። ከአንባቢዎቼ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናችሁ፤ መጠጥ ቤታችሁም አይገባም። ግብሩ ግን ያገባችኋል። ጠጪው ያልከፈለው ገንዘብ መንገዱ ላይ፣ ጤና ጣቢያው ላይ ይጎድላል። ያን የሚሸፍነው ደግሞ ስኳር፣ ሳሙናና የሞባይል ካርድ የሚገዛው ሁሉም ሰው ነው።

ወደ አገር ቤት የሚገባን ጠርሙስ እንከተለው። በሕጋዊ መንገድ የመጣ ከሆነ መጀመሪያ የጉምሩክ ቀረጥ አለበት። በዚያ ድምር ላይ ኤክሳይዝ ይሰላል፤ ይህ በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 የሚመራ ነው፣ በኋላም ተሻሽሏል። በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት። በዚያ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ የሚባል ተጨማሪ ግብር። አንዱ በሌላው ላይ ነው የሚሰላው። ለማስረዳት ያህል ብቻ፣ 1,000 ብር የሚያወጣ ጠርሙስ 35 በመቶ ቀረጥና 50 በመቶ ኤክሳይዝ ቢጣልበት እንበል። ከቀረጡ በኋላ 1,350 ይሆናል። ከኤክሳይዙ በኋላ 2,025። ቫቱ ሲጨመር 2,328 ብር ከ75። ሱር ታክሱ ሲገባ ወደ 2,562 ብር ይጠጋል። አስመጪው፣ አከፋፋዩና ባለሱቁ ገና ትርፋቸውን አልያዙም። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የጭነት ዋጋም አልገባም።

አሁን በሻንጣ የመጣውን ጠርሙስ ጎኑ አቁሙት። ይህ ከመርከብ ላይ፣ ከዱባይ ወይም ከሌላ አየር ማረፊያ ዲዩቲ ፍሪ የተገዛ ነው። የገዛው ሰው ለራሱ ወይም ለስጦታ አምጥቶት ከሆነ፣ በተፈቀደለት መጠን ውስጥም ከሆነ፣ ማንም አይቀየመውም። ለአባት ጠርሙስ ይዞ መምጣት የቆየ ወግ ነው። ችግሩ የሚመጣው ያ ጠርሙስ ወደ ሱቅና ወደ ግሮሰሪ ሲሄድ ነው። ከቀረጥ ነፃ የተፈቀደው ለግል መጠቀሚያ ነው፤ ለንግድ አይደለም። መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ግን ሕጋዊው ነጋዴ 2,500 ብር ካላወጣ በማያገኘው ዕቃ ላይ በ1,500 ይወዳደረዋል። ጅማ ውስጥ አዌቱ ዳር ሆነ አጂፕ፣ ግብሩን በአግባቡ የሚከፍል ባለግሮሰሪ ይህን ውድድር አይችለውም። ሒሳባቸውን ከምሠራላቸው ሰዎች መሐል ይህን በምሬት የሚነግሩኝ አሉ።

የመጣንበት ጊዜም ነገሩን አባብሶታል። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ሲከለክል ውስኪና ሌሎች የአልኮል መጠጦች ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ክልከላው የተነሳው በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ ነው። በእነዚያ ወራት ውስኪ ከመደርደሪያ አልጠፋም። ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። በባንክ በኩል መግባት ያልቻለ ዕቃ በሻንጣና በኮንትሮባንድ ይገባል። መንገዱ አንዴ ከተለመደ ደግሞ ክልከላው ሲነሳ አብሮ አይነሳም። ብሩም ከ57 ተነስቶ በአንድ ዶላር ከ100 በላይ ሲሄድ ሕጋዊው ጠርሙስ ይበልጥ ተወደደ፤ ቀረጡም፣ ኤክሳይዙም፣ ቫቱም የሚሰሉት በብር በተመነዘረው ዋጋ ላይ ስለሆነ።

ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ግብር ያልተከፈለበት ጠርሙስ ምን እንዳለበትም አይታወቅም። ባዶ የውስኪ ጠርሙስ እየተገዛ አረቄና ቀለም ይሞላበታል የሚባለው ተረት አይደለም። ሜታኖል የገባበት መጠጥ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። ከመርከብ ወይም ከአየር ማረፊያ የመጣው እውነተኛ ጠርሙስ ለዚህ ማጭበርበር ሽፋን ይሆናል። ባለሱቁ «ዲዩቲ ፍሪ ነው፣ ዘመድ ነው ያመጣው» ሲል ገዢው ግብር መከፈሉን የሚያሳየው ቴምብር የሌለበትን ምክንያት ሳይጠይቅ ይገዛል።

ስለ ጠላና ጠጅ ብዙ አልልም። በጓዳ ተጠምቆ በሰፈር የሚሸጥ ነው፣ የእናቶች መተዳደሪያ ነው፣ እንደ ውስኪ ልንይዘው አይገባም። ቴክሳስም ሆነ ስዊድን ግብራቸውን ያሳረፉት በፋብሪካና በውጭ ዕቃ ላይ ነው።

ብዙ የተወራለት የኤክሳይዝ ቴምብር እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። ቴምብሩ ጠርሙሱ ግብር የተከፈለበት መሆኑን ገዢው በዓይኑ እንዲያይ ያደርጋል። ግን በሻንጣ የሚመጣውን ጠርሙስ ካልነካ ቀዳዳው እንደተከፈተ ይቀራል። እኔ የምለው የጋልቬስተኑን ጠረጴዛ እንውሰድ ነው። ሰው ከተፈቀደው በላይ ጠርሙስ ይዞ ቦሌ ሲደርስ ክርክርና ልመና አያስፈልግም። ታሪፉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ በካርድ ወይም በቴሌብር ይከፈል፣ ጠርሙሱ ላይ የራሱ ቀለም ያለው ቴምብር ይለጠፍበት። ለግል የገባ መሆኑን የሚናገር፣ መደርደሪያ ላይ ቢገኝ ወዲያው የሚያጋልጥ ቀለም። የአየር መንገዱና የዲዩቲ ፍሪ ሱቁም ሲሸጡ ስንት ጠርሙስ እንደሚፈቀድ ለገዢው ይንገሩት። የአክስቴን ልጅ ያናደዳት ያ ዝምታ ነው።

ጅማ ላይ ደግሞ ቁጥጥሩ ትልቁ መንገድ ላይ በመኪና ፍተሻ ብቻ አያልቅም። የጉምሩክ ቅርንጫፉም የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤትም ሱቅ ገብተው መደርደሪያ ማየት አለባቸው። ሲገቡ ደግሞ ቫቱን በትክክል የሚቆርጠውን፣ መዝገቡ የተሟላውን ነጋዴ ዘወትር የሚያዋክቡ፣ ያለ ደረሰኝ የሚሸጠውን የሚያልፉ መሆን የለባቸውም። የሚመዘገብን ሰው ማግኘት ስለሚቀል ብቻ ደጋግሞ መፈተሽ ፍትሕ አይደለም።

ገዢውም የድርሻው አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አዋጅ ዕድሜው 21 ላልሞላ መጠጥ መሸጥን ከልክሏል። በሻንጣ የመጣውን ጠርሙስ የሚሸጥ ሰው መታወቂያ አይጠይቅም፣ ደረሰኝም አይሰጥም። ጠርሙስ ስትገዙ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ደረሰኝና ቴምብር። አንዱ ከጎደለ አስቀምጡት።